እስከ ተከዜ ድልድይ

እኔ ለቅሶ አልቀርም። ዳባት ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ቀብር እወጣለሁ፣ ሠልስት እቀመጣለሁ፣ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ወሬ ሲያበዙ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሰርግ አደረጋችሁት እኮ!» ብዬ እቆጣለሁ። መርዶ ግን አልሄድም። ሰው ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ገና ያልሰማ ሰው በር ላይ በንጋት ሲቆም እኔ እዚያ የለሁም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ በሬን አንኳኩ። ከአጥር ማዶ ያለችው ሴትዮ ሞታ ከቀበርናት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ተብላ ተጠርታ ማታ ትገባለች፤ ዘመድ ቤት አሳድረዋት ሲነጋ ይነገራታል።

«አንቺ ስንት ዓመት ያስተማርሽ፣ አነጋገር የምታውቂ» አሉኝ። «አንቺ ብትነግሪያት ይቀላታል።»

«አልሄድም፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምነው? ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ነሽ በይ!»

ተቆጥተው ሄዱ። ልበ ደረቅ ብሆን ደስ ባለኝ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆች ድሬ፣ ጡረታዬ ተቃርቦ፣ ዛሬም «መርዶ» የሚለውን ቃል መስማት አልችልም። በሩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አባቴን አሰብኩ።

የተወለድኩት ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከታች ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበት ጠርዝ ላይ ነው። ከአባቴ የገብስ ማሳ ግርጌ አንዲት ምንጭ አለች። ከቋጥኝ ሥር ትወጣለች፣ ማሳውን በጎን ዞራ ታልፋለች፣ አፋፉ ላይ ስትደርስ ወደ ገደል ትወረወራለች። ከዚያ በኋላ አትታይም። አባቴ ሥራ ሲያበቃ እዚያ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እየታጠበ «እንግዲህ ይህቺ ውሃ ወዴት ወዴት ትል ይሆን?» ማለት ልማዱ ነበር። ሄዶ እንዳያይ ቆላ መውረድ አይሆንለትም። ታላቅ ወንድሙ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በወባ ሞቶበታል። ሬሳውን እንኳ አላገኙትም። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሊማሊሞን ከላይ ሆኖ ከማየት በቀር አንድ እርምጃ ቁልቁል ወርዶ አያውቅም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ዳባት ተመድቤ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ አፌም እግሬም አላርፍ ያለበት ጊዜ ነው። ማሠልጠኛ እያለሁ የውሃችንን መንገድ ካርታ ላይ አግኝቼው ነበርና ለእረፍት ስሄድ ለአባቴ አስረዳሁት። ትወርድና ዛሪማ ወንዝ ትገባለች፤ ዛሪማ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜ ሱዳን ወርዶ ከዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ግብፅ ነው አልኩት። አባቴ ሰማኝና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«እግሬን የታጠብኩበትን ነው የሚጠጡት በይኛ!»

«አዎ አባባ፣ ካርታው እንዲያ ነው የሚለው።»

«ካርታ ወረቀት ነው። ወረቀት ስንቱን ይላል። አንቺ ደግሞ እንደ ዓባይ ማደሪያ የለሽ፣ መዞር አይታክትሽም። እስቲ ሄደሽ በዓይንሽ እዪልኝ።»

የተከዜ ዋና ምንጩ ላስታ መሆኑን አላጣሁትም፤ አስተምረዋለሁ እኮ። ለአባቴ ግን ተከዜ የሚነሳው ከገብስ ማሳው ግርጌ ነው። ይህን ለማረም አፌን ከፍቼ አላውቅም።

መንገዱ ተገኘ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ይርጋ ሾፌር ነበር። ከደባርቅ ድንች እየጫነ አዲ አርቃይና ሽሬ ያደርሳል። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ጋሼ ለእኔ አጎት ብቻ አልነበረም፤ እሱና አባቴ ናቸው ያሳደጉኝ። አብራኝ የምታስተምረውን ጓደኛዬን ዘውዴን ጨመርኩና ሦስት ሆነን ተነሳን። ዘውዴ የዳባት ልጅ ናት፤ ዝምተኛ ናት ይሏታል፣ ከእኔ ጋር ስለምትውል ተራ ስለማይደርሳት ነው።

ጥቅምት ነበር። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ሊታጨድ ደርሷል፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። አባቴ ምንጯ ድረስ ይዞኝ ወረደና «ከዚህ ጀምሪ» አለኝ። ፊቴን ታጠብኩ። ውሃው ጥርስ ያማል። የስንቅ ቆሎ በከረጢት አስጨበጠኝና ግንባሬን ሳመኝ።

«ስትመለሺ በቀጥታ ወደ እኔ ነይ። ሌላ ቤት እንዳትገቢ። ወሬሽን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።»

«እሺ አባባ። አንተ ብቻ ሳልመጣ ገብሱን እንዳትጀምር፣ ወገብህን ያምሃል።»

«ሂጂ እባክሽ፣ ስለ ወገቤ አንቺ ምን አገባሽ!»

የተለያየነው እንዲህ ነው፤ እየተጨቃጨቅን።

ሊማሊሞን በዚያ ዘመን በጭነት መኪና የወረደ ሰው ጸሎት ይችላል። መኪናው አንዱን ጥምዝ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። በአንዱ መስኮት ድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው ባዶ ሰማይ። ጭላዳዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር እየነጩ እንደ ገበያተኛ ያዩናል። ከላይ የጦስኝ ሽታ ነበር፤ እየወረድን ስንሄድ ጆሯችን ተደፈነ፣ ሹራባችንን አወለቅን፣ የሞቀ አቧራና የግራር ሽታ መጣ። አንድ ጥምዝ ላይ ቀና ብል ከአባቴ ማሳ በኩል ገደሉ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ውሃ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ አቁም! የእኛ ውሃ ናት! አባባ ይሙት የእኛ ናት!»

«እዚህ ላይ ቆሜ ሁላችንንም ልግደላችሁ?» አለ ጋሼ ይርጋ እየሳቀ። ያም ሆኖ መኪናውን አዘገመልኝ።

ከዚያ በኋላ ውሃው አብሮን ወረደ። አንዳንዴ በስተግራ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ አንዳንዴ ሸለቆ ውስጥ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ዛሪማ ስንደርስ ወንዝ ሆኗል፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል። እግሬን ነክሬ «ሞቋል! አባባን ውሃህ ሞቋል ብለው አያምነኝም» አልኩ። የምነግረውን ነገር ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ነበር የምሄደው። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በሁለት ሰው ዓይን ነው። አዲ አርቃይ አደርን። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለማያስተኛ አልጋችንን ግቢ አወጡልን።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጋሼ ይርጋ ግማሹን ድንች አራግፎ ጨረሰና ቁርስ ልንበላ ተቀመጥን። ከደባርቅ በጠዋት የተነሳ አንድ ሾፌር መኪናውን ከእኛው ጎን አቆመ። ጋሼን ከሩቅ ጠራው። ከመኪናው ጀርባ ሄደው ቆሙ። እኔ ፍርፍሬን እበላለሁ። ጋሼ ሲመለስ መልኩ አመድ መስሏል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ ቀዳሁለት።

ለእናንተ አልደብቅም፤ እኔን የደበቁኝ ይበቃል። አባቴ ሌሊቱን ሞቶ ነበር። እራቱን በልቶ «ደረቴን ወጋኝ» አለ፣ ጋደም አለ፣ አልተነሳም። ሾፌሩ የያዘው መልእክት ይህ ነበር፦ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ልጅቱን እስኪመሽ እንጠብቃታለን፣ አምጧት። ያኔውኑ ብንነሳ እንደርስ ነበር።

እኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። በቤት፣ በንጋት፣ ወገን ከቦ ይዞ ነው። ሊማሊሞ ላይ መኪና ውስጥ የወንድሟን ሞት የሰማች ሴት በሩን ከፍታ ዘላለች እየተባለ ሲነገር ነው ያደግነው። ጋሼ ይርጋ ሾፌር ነው፤ ያን ወሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። «አባትሽን ትንሽ አሞታል» እንዳይለኝ ደግሞ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለዚህ እንዲህ አለኝ፦

«ስንዱዬ፣ እንመለስ። ሞተሩ ደስ አላለኝም።»

«የቱ ሞተር? ሌሊቱን እንደ ድመት ተኝቶ ያደረው?»

«አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ? እንመለስ አልኩሽ።»

«ቀሪውን ድንች ሽሬ አደርሳለሁ አላልክም? የተከዜ ድልድይ እኮ እዚሁ ነው!»

ዘውዴን ወደ ጎን ጠርቶ አነጋገራት። እሷም ስትመለስ ሆዷን ይዛለች። «ሆዴን ቆረጠኝ፣ ስንዱ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ልበ ቢሷ ከቁርስ ቤቱ ባለቤት ጤናዳም ለምኜ አመጣሁላት። «የፈሪ ሆድ ነው የቆረጠሽ፤ ቆላ አይበላሽም፣ ጠጪ!» እያልኩ አስጨነቅኋት። ምስኪን፣ ምንም ያልሆነችው ልጅ ያንን ጤናዳም ስትጠጣ አየኋት፤ እንባዋ ኩባያው ውስጥ ይወርዳል።

ጋሼ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በቃ! ግቢ መኪና ውስጥ! እመለሳለሁ ብያለሁ!»

እኔም ተነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት እልህ ይዞኝ አያውቅም። ለእኔ አይደለም እኮ፤ አባቴ እዪልኝ ብሎኝ ነው። ግማሽ መንገድ አይቼ ምን ልነግረው ነው?

«አባቴ ይሙት ድልድዩን ሳላይ አልመለስም!» አልኩ።

ዘውዴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሼ ይርጋ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «አትማዪ» አለ፣ በጣም በቀስታ። «እባክሽ እንዲያ ብለሽ አትማዪ።» እኔ ደግሞ መሐላው የሠራልኝ መስሎኝ ደገምኩት። አባቴ ይሙት አልኩ፣ አባቴን ልቅበር አልኩ። ያን ጊዜ ወደ ሽሬ የሚሄድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ደረሰና ሮጬ ተሳፈርኩ።

መንገድ ሳይገፋ ጋሼ በጭነት መኪናው ደርሶ ቀደመን፣ አውቶቡሱን አስቆመ። ሊመታኝ ነው ብዬ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ነይ። አደርስሻለሁ» አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ እየፎከርኩ ወረድኩ። ዛሬ ያ ድምፅ ምን እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ቃል ቢተነፍስ እመለሳለሁ፤ ያቺን ቃል ደግሞ መተንፈስ አልቻለም።

ማይ ጸብሪ ላይ ለአባቴ ሎሚ ገዛሁ። ሻይ ውስጥ ጨምቆ መጠጣት ይወዳል። «ይህን ያህል ምን ያደርግለታል?» አለች ዘውዴ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ለጎረቤትም ይሰጣል፣ አባባን አታውቂውም እንዴ?» አልኩ። ደህና ደህናውን እየመረጥኩ ነበር፤ ሁለቱም አጠገቤ ቆመው ያዩኝ ነበር። ይህን እንዴት እንደቻሉት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከዚያ ተከዜ። መንገዱ በተራቆተ ኮረብታ መሀል ተጠማዞ ወረደና ድንገት ከሥራችን ወጣ። ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ የደፈረሰ ሻይ መልክ ያለው። ድልድዩ ላይ ሆኜ ባየው አልበቃኝም፣ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ድንጋዩ እግር ያቃጥላል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጋሼ ከኋላዬ «አዞ አለ፣ አትራቂ!» ይላል፤ እኔ ውሃውን በእፍኜ እያነሳሁ እስቃለሁ። ምኑ እንደሚያስቀኝ አላውቅም፣ ብቻ ሳቄ አልቆም አለኝ። ያቺ ጥርስ የምታሳምም ምንጭ እዚህ ውስጥ አለች፤ አባቴ እግሩን የታጠበበት ውሃ የእኔን እግር እያጠበ ወደ ሱዳን ይሄዳል።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ ወደ ተራራው ዞሬ። «ደርሳለች! ውሃህ ደርሳለች!»

ገደል ማሚቶው መለሰልኝ። ጋሼ ይርጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል። «ትሰማለህ ጋሼ? እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው» አልኩት።

«ንገሪው» አለኝ። «ሁሉንም ንገሪው።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያ ቆየሁ። ማንም ተነሺ አላለኝም። እንኳን ተቆጥቼ አሸነፍኳቸው፣ አሁን ለምደውታል እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ።

በማግስቱ ሊማሊሞን ወጥተን ደባርቅ ስንገባ መሽቶ ነበር። «ቤቴ እደሪ፣ ጠዋት ትሄጃለሽ» አለኝ ጋሼ። «አይሆንም፣ አባባ ሌላ ቤት አትግቢ ብሎኛል» ብዬ ተከራከርኩ። «በዚህ ጨለማ የት ትሄጃለሽ?» አለና በሩን ዘጋ። የጋሼ ሚስት እራት አቅርባ እኔን ማየት አልቻለችም። ስለ ተከዜ አወራሁላቸው፤ ደጋግሜ አወራሁላቸው። ማንም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የንስሐ አባታችን ገቡ፣ ቀጥሎ የአባቴ ዘመዶች፣ ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ዘውዴ ከአልጋው በስተግራ፣ የጋሼ ሚስት በስተቀኝ እጆቼን ያዙ። እንዴት እንደሚያዝ ያውቁበታል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። የጠየቅኩት ማን ሞተ ብዬ አልነበረም።

«ተቀበረ?»

የንስሐ አባታችን አንገታቸውን ደፉ። «ተቀበረ፣ ልጄ። ከትናንት ወዲያ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጠበቅንሽ። ፍትሐቱን ጨርሰን ቅጥሩ ውስጥ፣ ጥዱ ሥር አሳርፈነው ጠበቅንሽ። መኪና በሰማን ቁጥር ሰው ወደ መንገዱ እየሮጠ ተመለከተ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከዚህ በላይ ማቆየት አይገባም ብዬ እኔው ነኝ ያዘዝኩት።»

አሥራ አንድ ሰዓት። ውሃ ውስጥ ነበርኩ። እስቅ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተጋድሞ እየጠበቀኝ እኔ ከሱዳን በኩል የሚመጣ ነፋስ ፊቴን እየነካኝ ስሙን እየጠራሁ እጮህ ነበር። አለቀስኩ ማለት ያንሰዋል። ጋሼን ፊቱን ቧጠጥኩት፤ አላገደኝም፣ ቆሞ ተቧጠጠልኝ። «አንድ ቃል! አንድ ቃል ጋሼ! አባቴን አፈር ሳላለብሰው!» ስል ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ይህን ነገር አላነሳንም። ለሠርጌ እሱ ነው እንደ አባት ቆሞ የዳረኝ፤ ልጆቼን ክርስትና ሳስነሳ አብሮኝ ቆሟል። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ ደባርቅ ሄጄ ሳስታምመው ግን ሁለታችን ብቻ የሆንበት ሰዓት ነበርና ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ገደሉን ፈርተህ ነው እሺ። ድልድዩ ላይ ግን ምን ገደል ነበር? እዚያ እንኳ ብትነግረኝ በሌሊትም ቢሆን እገባ ነበር።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ስትስቂ አየሁሽ» አለኝ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፣ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ይህቺ ልጅ ከዛሬ ወዲያ እንዲህ አትስቅም አልኩ። ቀብሩ እንደሆነ አልፏል። ትንሽ ትቆይ አልኩ። ትንሽ አባት ይኑራት።»

እጁን ያዝኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት አፌ አልታዘዝልኝ አለ፤ አልረግመውም ደግሞ። ብቻ እንባዬ ወረደ፣ የሱም ወረደ።

ባለፈው ሳምንት፣ እትዬ ብርቄ ተቆጥተውኝ በሄዱ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ የልጅቱ ጩኸት ከአጥር ማዶ ተሰማኝ። ተነስቼ አማተብኩ። ቆየት ብዬ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር የመጣሁት!» እያለች ራሷን ትመታለች። ምን ልበላት? ጋሼ እውነቱን ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ያን ከሰዓት በኋላ በዓለም ላይ አባቴ ያልሞተው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር። ያንን ለልጅቱ አልነገርኳትም። እጇን ያዝኩና ወደ እናቷ መቃብር መውጣት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ትፈልጋለች፤ አብረን ወጣን። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር፤ የአባቴ ግን እኔ ስደርስ ደርቆ፣ ድንጋይ ተከምሮበት ነበር። ተንበርክካ በሁለት እጇ ስታፍስ አየሁና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባት።